የቀጨሞ ክምርና ቢጫዋ መብራት

አንተ በየስብሰባው፣ በየቢሮው፣ በየጠጅ ቤቱ እየሳቅህ የምትወረውራት ያቺ የቀጨሞ አባባል ከየትኛው ለቅሶ ቤት እንደወጣች ጠይቀህ ታውቃለህ? አልጠየቅህም። አባባል ባለቤት የሌለው የመንገድ ዳር ጠጠር ይመስልሃል፤ ያሻው አንሥቶ ያሻው ላይ ይወረውረዋል። ጥፋት በደረሰና ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ሌላው በቀሰረ ቁጥር አንዱ ብድግ ብሎ ይላታል፤ ሰው ይስቃል፤ ስብሰባው ይበተናል። ይህች ግን ባለቤት አላት፤ ባለቤቷም ስትናገራት አልሳቀችም። ከእሷ አፍ እስክትወጣ ድረስ እዚህ አትጠራም። አንተም እስከዚያ ጥርስህን ሰብስብ።

ቀጨሞ ከወረዳው ከተማ ቁልቁለት ወርደው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ ረጅም ዳገት ወጥተው የሚደርሱበት የጤፍ አገር ነው። የገበሬዎቹ ማኅበር አንድ ዓመት ፒክአፕ መኪና ታደለ፤ ነጭ፣ ባለሁለት ጋቢና፣ በናፍጣ የምትሠራ። ሊቀ መንበሩ አቶ አስማረ፣ ሾፌር ይቀጠርላት ሲባል «በቅሎና መኪና በውክልና አይጋለብም» ብሎ መሪዋን ራሱ ያዘ። አስማረ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ክፉ ሰው ያደረሰው ጥፋት ታሪክ አይፈልግም፣ ዳኛ ይበቃዋል።

መኪናዋ ዘመናይ ነበረች። ዘመናይ መኪና እንደ ሞልቃቃ ልጅ ነው፤ ትንሹም ትልቁም ያመዋል፣ ያመመውንም ሳይናገር አያድርም። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ በደረቀ ሰሞን፣ ከመሪው ፊት ከተደረደሩት ምልክቶች መሐል አንዲት ቢጫ መብራት በራች። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ይከዳታል፤ ነዳጅ ቢረግጡላትም እንደተቀየመ ሰው እግሯን እየጎተተች ነው የምትሄደው። አስማረ ወደ ይስማው ጋራዥ ወሰዳት።

ይስማው የቀጨሞ ልጅ ነው። ቴክኒክ ኮሌጅ ገብቶ በማዕረግ የወጣ፣ በከተማው ውስጥ የአዳዲስ መኪኖችን አመል የሚያውቅ እሱ ብቻ የሚባልለት መካኒክ። አባቱ የሞተበት ገና ሕፃን ሳለ ነው። በምድር ላይ «አባባ» ብሎ የሚጠራው ሰው፣ ክርስትና ያነሣው የቀጨሞ ገበሬ ዋሴ ብቻ ነበር። ዋሴ አፈ ግትር፣ ቃሉ አጭር፣ ቁጣው ቅርብ ሰው ነው፤ ግን ይስማው ኮሌጅ በገባ ጊዜ ስንቁን በትከሻው ተሸክሞ እስከ አውቶቡስ ተራ የሸኘው እሱ ነው።

ሌሎች መካኒኮች ኮምፒውተሩን ይሰኩና የጠራውን ዕቃ ነቅለው ይጥላሉ። ይስማው ግን ኮምፒውተሩ የት ጋ እንዳመማት እንጂ ለምን እንዳመማት እንደማይናገር ያውቃል። ኮምፒውተሩ የጭስ ማውጫውን ሙቀት መለኪያ ጠራ። ይስማው መኪናዋን አሳደራት፤ ሞተሯ እንደ ድንጋይ በቀዘቀዘበት የጥቅምት ማለዳ፣ ሳያስነሣት፣ ጭስ ማውጫው ላይ የተሰኩትን መለኪያዎች አንድ በአንድ ጠየቃቸው። በዚያ ሰዓት ሁሉም የጠዋቱን ብርድ መናገር አለባቸው። ተናገሩም። አንደኛው ብቻ እቶን ውስጥ እንደተቀመጠ ሁሉ ትልቅ ቁጥር ጠራ።

«አዩ ጋሼ፣ በዚህ ውርጭ ‹ተቃጠልኩ› የሚል ሰው ምን ይባላል?»

«ጠጥቷል ይባላል» አለ አስማረ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ።

«ወይ ጠጥቷል ወይ ታሟል። ይኸ አይጠጣም።»

ቀጥሎ ገመዱን ፈተሸ፤ እያጠፈ፣ እየነቀነቀ፣ የተላጠ ቦታ ፈለገ። ገመዱ ደኅና ነው። መለኪያውን ነቀለና ከጎኑ ካለው ጤነኛ መለኪያ ጋር በቴስተር አስተያየው። ጤነኛው ክብሪት ሲያስጠጉበት ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል፤ የታመመው ግን ቢያሞቁትም ቢያበርዱትም ከያዛት አንድ ቃል ንቅንቅ አይልም። ምርመራው እዚህ ላይ አለቀ። እንከን የሌለው ምርመራ ነበር፤ ያገር መካኒክ ሁሉ ተሰብስቦ ቢያየው አንድ የሚነቅፈው ነገር አያገኝም። መርምሮ ማወቅ ብቻውን ቢያድን ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር።

ይስማው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነገሩን አስረዳ። ይህች መኪና ጥላሸቷን እንደ ድሮዎቹ ናፍጣ መኪኖች በሰው ፊት ላይ አትበትነውም። ጭስ ማውጫዋ ውስጥ፣ ማርሚታዋ አጠገብ፣ ማጣሪያ አላት፤ እዚያ ታጠራቅመውና ሲሞላ ራሷ ታነደዋለች። ሆዷ ውስጥ እሳት ታነዳለች ማለት ነው። መለኪያው የዚያ እሳት ጠባቂ ነው፤ «በዛ» ሲል ኮምፒውተሩ ይቀንሳል። ጠባቂው ሲታመም ኮምፒውተሩ ይሰጋና ጉልበቷን ይይዝባታል፣ ሰው እንዲያውቀውም ቢጫዋን መብራት ያበራል። አዲስ መለኪያ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት፤ እስኪመጣም መኪናዋ ባትነዳ ይሻላል።

አስማረ ፊቱ ጠቆረ። በዚያው ሳምንት ከክልል እንግዶች ይመጣሉ፤ የቀጨሞን የጤፍ ማሳ ሊጎበኙ፣ ማኅበሩን ለሌሎች ምሳሌ ሊያደርጉ። እንግዶቹን በዳገቱ የምታወጣቸው ይህችው መኪና ናት።

«ለጊዜው መብራቷን አጥፋልኝ» አለ።

«መብራቷ እኮ በሽታው አይደለችም ጋሼ። ነጋሪ ናት።»

«አውቃለሁ። እንግዶቹ ግን አያውቁም። አጠገቤ ተቀምጠው ሲያዩዋት፣ ማኅበሩ አዲስ መኪና በዓመቱ ገደለ ይሉናል። ለጊዜው ነው ያልኩህ፤ ዕቃው ሲመጣ ትቀይረዋለህ።»

ለጊዜው። በዚህ አገር ለጊዜው ያልተሠራ ምን አለ? ለጊዜው በእንጨት የተደገፈ ግድግዳ የልጅ ልጅ ያሳድጋል። ለጊዜው የተሾመ ሰው በሹመቱ ላይ ይጦራል። ለጊዜው የተዘጋ መንገድ ዛፍ ይበቅልበታል። «ይቅር» ማለት ሲያሳፍረን፣ «አልሠራም» ማለት ሲያስፈራን፣ የምንገባባት የጋራ ዋሻችን ናት ይህች ቃል። የተማረው ይስማውም ገባባት። ከመለኪያው የሚመጣውን ገመድ ቆረጠና ሬዚስተር የምትባል የሩዝ ፍሬ የምታህል የኤሌክትሪክ ዕቃ በስታኞ በየደበት። የዚያች ፍሬ ሥራ አንድ ነው፤ ማጣሪያው ቢቀዘቅዝም ቢግልም ለኮምፒውተሩ «ሁሉ ደኅና ነው» ትለዋለች። ኮምፒውተሩም አመናት፤ እንደሷ ያለ አማካሪ ይዞ የማያምን ሹም ማን አለ? መብራቷ ጠፋች፣ ጉልበቷም ተመለሰላት። አስማረ መርቆት ሄደ።

እንግዶቹ መጡ፣ አዩ፣ አጨበጨቡ፣ ተመለሱ። አዲሱ መለኪያ ግን ከአዲስ አበባ አልታዘዘም፤ ያልበራ መብራት ለማን ይታያል? ይስማው አስማረን ገበያ ላይ ባገኘው ጊዜ አስታወሰው። «በዚህ ሳምንት» አለው። ደግሞ አስታወሰው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያገኘው ስለ ዝናቡ አወሩ፤ በእኛ አገር ደጋግሞ የሚያስታውስ ሰው ጨቅጫቃ ነው የሚባለው።

ታኅሣሥ ገባ። የቀጨሞ ጤፍ ታጨደ፣ ተከመረ። ከሁሉ የሚበልጠው ክምር የቢያድግልኝ ነበር፤ አውድማው አጠገብ እንደ ጎጆ ቤት ተከምሮ ከሩቅ ይታያል። ቢያድግልኝና ዋሴ ወሰንተኞች ናቸው፤ ስለ አንዲት ቀጭን የመሬት ቁራጭ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ከርመዋል። በመጨረሻው ቀጠሮ ለቢያድግልኝ ተፈረደለት። ዋሴ ከችሎቱ ሲወጣ በሰው ሁሉ ፊት «ወሰኔን የበላህበት አፍ ዐመድ ይብላ» አለ። የቁጣ ቃል ነው። ቁጣው ማታውኑ በረደ፤ ቃሉ ግን በሰው ጆሮ ውስጥ ቀረ።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን አስማረ ስለ ዘር ጤፍ ሊነጋገር ወደ ቢያድግልኝ መጣ። ዳገቱን ወጥታ የመጣችው መኪና ሆዷ ውስጥ እሳቷን እያነደደች ነበር። አውድማው ዳር፣ ጭድ በተነጠፈበት ላይ አቆማት፤ ሞተሯንም ሳያጠፋ በመስኮቱ ሲጨዋወቱ ቆዩ። የሚነድ ጨርቅ የመሰለ ሽታ ሸተታቸው፤ ቢያድግልኝ «ናፍጣው ነው?» አለ፣ አስማረም «አዲስ መኪና እንዲህ ነው» አለ። ከዚያ ቢያድግልኝ ካልበላህ አትሄድም ብሎ መኪናዋ ውስጥ ገባና አብረው ወደ ቤት ነዱ። መኪናዋ ከተነሣችበት ሥፍራ ጭዱ ውስጥ ውስጡን ይጨስ ጀመር።

ገበታው ላይ ሳሉ ነው ኡኡታ የተሰማው።

ዋሴ በዚያ ሰዓት በራሱ ማሳ ላይ ሽምብራ ይነቅል ነበር። ጭሱን ያየው እሱ ቀድሞ ነው። ሮጠ። የማን ክምር ነው አላለም፤ እህል ሲነድ አይቶ የማን ነው የሚል ገበሬ የለም። ነዶውን ከእሳቱ አፍ በባዶ እጁ እየመነጨቀ ያወጣ ጀመር። ሕዝቡ ሲደርስ ያየው ታዲያ ምንድን ነው? የሚነድ ክምር፣ አጠገቡም የሚነድ ነዶ በእጁ የያዘ ባላጋራ። ነዶውን ከእሳቱ ሊያወጣ እንጂ እሳቱን ወደ ነዶው ሊከት እንዳልነበረ ማን ይመስክርለት?

የተሰወረ ጥፋት ሲኖር በቀጨሞ አውጫጭኝ ይጠራል። ወንድ የተባለ ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ የቀረ ራሱን አሳማ ማለት ነው። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገራል። ሰብሳቢው አባ ዘርጋው ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ፍርዳቸው የተመሰገነ ሽማግሌ። አስማረም ተነሥቶ የሚያውቀውን በእውነት ተናገረ፤ ስለ ዘር ሊነጋገር እንደመጣ፣ ምሳ ላይ ሳለ ኡኡታ እንደሰማ። ስለ ሽታው አልተናገረም፤ ትዝም አላለው። ሌላው ተነሥቶ ዋሴ ከችሎት ሲወጣ ስለ ዐመድ የተናገረውን ደገመ። ዋሴ ሁለት እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከሥቃዩ የተነሣ ከንፈሩን ነክሶ ቆሞ ነበር።

«አንተ እዚያ ምን ስትሠራ ተገኘህ?» አሉት አባ ዘርጋው።

ዋሴ ቃሉ አጭር ነው ብለናል። «እኔማ አጥፊው ነኝ» አለ።

አባ ዘርጋው ድገመው አሉት። ዋሴ ምን እንደከበዳቸው አልገባውም፤ «አጥፊው ነኝ አልኩ እኮ። ሌላ ማን ነበረ?»

እሱ እሳት ያጠፋ ማለቱ ነው። እነሱ የሰሙት ጥፋት ያጠፋ ብሎ ነው። አንዲት ፊደል ሳትለወጥ፣ አንድ ቃል ከአንድ አፍ ወጥቶ በሜዳው ሙሉ ሰው ጆሮ ውስጥ ሌላ ሰው ሠራ። ዋሴ ስህተቱ ሲገባው «እሳቱን! እሳቱን ነው ያልኩት» አለ፤ ግን ያን ጊዜ ሜዳው ይጮህ ነበር፣ የሚሰማውም አልነበረም። ይህ ሕዝብ ሰም ሲቀርብለት ወርቅ እፈልጋለሁ እያለ ዕድሜውን የሚፈጅ ሕዝብ ነው፤ አንድ ቅን ሰው ሰሙን ብቻ ሲናገር ግን ወርቁን ራሱ ቀጥቅጦ አንገቱ ላይ አጠለቀለት።

ለመንግሥት ይሰጥ ያሉ ነበሩ፤ አባ ዘርጋው ያየ ምስክር የለም ብለው ከለከሉ። በምትኩ የአገሩ ቅጣት ተጣለበት። ንጹሕነቱ እስኪታወቅ ከእድሩ ይውጣ፤ ማንም ደጁን አይርገጥ፤ እሳት አይጫርለት፤ ቢታመም ቃሬዛ አይነሣለት። አባ ዘርጋው ይህን ምሕረት ነው ብለው አስበውት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አስማረ መኪናዋን ወደ ይስማው አመጣት። የሚነድ ነገር ይሸታል፤ ከእግር ሥር ያለው ምንጣፍ ቀልጧል። ይስማው ከታች ገብቶ ተጋደመ። ጭስ ማውጫው ከግለት የተነሣ ቀለሙ ተለውጦ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። በመከለያው ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ጥቁር ነገር ተጋግሮ አየ። በካቻቪቴ ፈቅፍቆ መዳፉ ላይ አደረገው። የጤፍ ጭድ ነው። የቀጨሞን ቃጠሎ ሰምቷል፤ አባባ ዋሴ ላይ የተጣለውንም ሰምቶ አላምንም ብሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ክምሩ የተቃጠለ ዕለት መኪናዋን የት ነው ያቆሟት?»

አስማረ ጎማ ላይ ተቀመጠ። «አውድማው ዳር» አለ። «ጭድ እኮ የትም አለ ይስማው። አንተ ደግሞ።»

አልተጣሉም። ቢጣሉ ይሻል ነበር። አስማረ አለቀሰ፤ እንባውም የውሸት አልነበረም። ከዚያ እንባውን ጠርጎ የሊቀ መንበር ንግግር ጀመረ። ይህ ወሬ ከወጣ ሕዝቡ ማኅበሩን ያፈርሰዋል፣ መኪናዋን ያቃጥላታል፤ ዋሴ እንደሆነ አልታሰረ፣ አልተገረፈ፣ ቤቱ ነው ያለው፤ እሱ ራሱ ምቹ ቀን አይቶ ለአባ ዘርጋው ቀስ ብሎ ይነግራቸዋል። «ለጊዜው ዝም በል» አለው። ይስማው ያን ቃል ሁለተኛ ጊዜ ሰማው፤ ሁለተኛ ጊዜም ታዘዘው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፍሬዋን የበየዳት እጅ የእሱ ነበር። መኪናዋ ላይ የበየዳትን ነቀለ፤ መብራቷም መልሳ በራች። እሱ ግን ሌላ በየደ፣ የገዛ አፉ ላይ።

ዝምታው እስከ ገበያ ቀን ቆየ። ከቀጨሞ ቅቤ ይዛ የመጣች ሴት፣ የዋሴ እጅ እንዳመረቀዘ፣ ሰውነቱም እንደ ምጣድ እንደሚያተኩስ ነገረችው። ሚስቱ እንጉዳይ ቃሬዛ ፍለጋ በየቤቱ ዞራለች። አንዳንዱ በሩን ዘጋ፤ አንዳንዱ ከውስጥ ሆኖ አልቅሷል፤ የወጣ ግን የለም። ሴትዮዋ ይህን ስትናገር ራሷም ካለቀሱት አንዷ እንደነበረች ከፊቷ ያስታውቃል። ይስማው የጋራዡን በር እንኳ ሳይዘጋ ወጣ።

ወንዙ መሻገሪያ ላይ አገኛቸው። እንጉዳይ አህያ ትጎትታለች፤ ዋሴ አህያዋ ላይ በነጠላ ታስሮ ወደ ፊት ተደፍቷል። ይስማው ደገፈው። ትኩሳቱ በልብሱ ላይ አልፎ ይሰማል። መኪና ፍለጋ አንድ መንገደኛ ወደ ከተማ ከላከ በኋላ፣ የያዘውን ቃል ማቆየት አልቻለም።

«አባባ፣ እሳቱ የተነሣው ከመኪናዋ ነው። እርስዎ አይደሉም።»

ዋሴ ዓይኑን ገለጠ። «እኔማ አውቃለሁ ልጄ» አለው። «ለእነሱ ንገራቸው።»

ጤና ጣቢያ አድርሰውት ነበር። ሐኪሟ የሚቻላትን ሁሉ አደረገች፤ መርዙ ግን ወደ ደሙ ገብቶ ነበርና በማግሥቱ አረፈ። አስከሬኑን ቀጨሞ ያደረሱት ይስማውና፣ ወሬውን ሰምተው ከሌላ ቀበሌ የደረሱት የእንጉዳይ ወንድሞች ናቸው። የቀጨሞ ሰው በየማሳው ቆሞ አየ። አንዳንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ አንዳንዱ ፊቱን ወደ በሬው አዞረ። ቅጣቱ አልተነሣምና እድሩ ለቀብር አልወጣም። መቃብሩን የቆፈሩት ከሬሳው ጋር የመጡት እነዚያው ሰዎች ናቸው።

ይስማው የመቃብሩ አፈር በእጁ ላይ ሳለ ወደ አባ ዘርጋው ሄዶ አውጫጭኝ ይጠራልኝ አለ።

ሜዳው እንደገና ሞላ። ይስማው ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ የታመመውን መለኪያ፣ የቆረጠውን ገመድ፣ የጠፋችውን መብራት፣ ጭስ ማውጫው ላይ የተጋገረውን ጭድ፣ ዝም ያለበትንም ጊዜ። «አባባ ዋሴ እዚህ ቆመው ‹አጥፊው ነኝ› ያሏችሁ እሳቱን ነው» አለ። «ያጠፉ እሳቸው ብቻ ነበሩ።» ቢያድግልኝ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ ተንሰቀሰቀ። አባ ዘርጋው በምርኩዛቸው መሬቱን እየጫሩ አቀርቅረው ቀሩ።

ከዚያ ምን ሆነ ትላለህ? ሕዝቡ በሐፍረት መሬት ገባ? አልገባም። ሌላ ለኳሽ ይፈልግ ጀመር። አንዱ ይስማው ነው አለ። ሌላው፣ ጭዱ ላይ ያቆማት እሱ ስለሆነ አስማረ ነው አለ። ሌላው መኪናዋ ናት ሲል፣ ከኋላ ያለው «እና መኪናዋን ከእድር እናስወጣት?» ብሎ መለሰለት፤ የሳቁም ነበሩ። ሳቁ ገና ሳይበርድ አስማረ ተነሣ። ጥሩ ተናጋሪ ነው። ክብሪት የጫረ እጅ እንደሌለ፣ መኪና ነፍስ እንደሌላት፣ ማንም ለክፋት እንዳላሰበ በዝግታ አስረዳ። ይህ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው አለ። ለዋሴ ነፍስ ማኅበሩ ተዝካር ያውጣለት፤ ስሙም ወደ እድሩ ይመለስ፤ ሰውም ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብሎ ይለያይ። «እውነት ነው፣ ማንም አልለኮሰም» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተነሣ። ስንት ጊዜ አይተሃል እንዲህ ሲሆን? ጥፋቱ የእኛ ሲሆን እግዚአብሔርን ለምስክርነት ሳይሆን ለተከሳሽነት እንጠራዋለን፤ እሱ ይግባኝ እንደማይል እናውቃለንና። አባ ዘርጋውም ሊመርቁና ሊያሰናብቱ እጃቸውን ዘረጉ።

ከሜዳው ዳር ቆማ ስትሰማ የቆየችው እንጉዳይ ያን ጊዜ ገባች። ሴት ወደ አውጫጭኝ አትገባም፤ ያቆማት ግን አልነበረም። ራሷን ተላጭታለች፤ ወገቧን በጥቁር መቀነት ታጥቃለች። ሕዝቡ መሐል ለመሐል ተከፈለላትና ከአስማረ ፊት ቆመች። አልጮኸችም። ተዝካራችሁን አልበላም፣ ስሙንም ከወሰዳችሁበት እድር መልሳችሁ አትስጡኝ አለች። የመጣችው ልትጠይቅ ነው፤ መልሱንም በጓዳ አትቀበልም፤ ባሏ በቆመበት ሜዳ ላይ፣ ባሏን የሰሙት ጆሮዎች ሁሉ እየሰሙ፣ ሰውየው የራሱን ስም ጠርቶ ይመልስላት።

አስማረ ወደ ሽማግሌው ተመለከተ። አባ ዘርጋው በርኅራኄ ድምፅ፣ «ልጄ፣ እኛም እኮ ይኸው እሳቱን ማን ለኮሰው እያልን ነው የቆየነው፤ ለኳሽ ጠፋ» አሏት።

እንጉዳይ ዓይኗን ከአስማረ ላይ ሳታነሣ መለሰችላቸው፤ «አባ፣ እሳቱን ማን ለኮሰው አትበሉ፤ መብራቱን ማን አጠፋው በሉ።»